ብርሃኑን ያየ ዓይን፣ ርቀቱን የጨመረ አእምሮ

በዲሴምበር 2024 በአሜሪካ ኒው ጀርሲና በአጎራባች ግዛቶች ማንነታቸው ያልታወቀ ድሮኖች ሌሊት ሌሊት ይበርራሉ የሚል ወሬ በተስፋፋበት ሰሞን፣ የሜሪላንድ ግዛት የቀድሞ አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን ከመኖሪያ ቤታቸው በላይ በርካታ ትልልቅ ድሮኖችን እንዳዩ ጽፈው ያነሱትን ቪዲዮ ለሕዝብ አጋሩ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቪዲዮውን የተመለከቱና ሰማይን የሚያውቁ ሰዎች ግን ብዙ መመራመር አላስፈለጋቸውም፤ በምስሉ ላይ ከሚታዩት ነጥቦች መካከል የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ኮከቦች ይገኙ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኤፍቢአይን ጨምሮ ጉዳዩ የሚመለከታቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ከሕዝብ ከደረሷቸው ከ5,000 በላይ ጥቆማዎች ውስጥ ተጨማሪ ክትትል ያስፈለጋቸው 100 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። የታዩትም ነገሮች በሕግ የሚበሩ ድሮኖች፣ አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮች፣ እንዲሁም በስሕተት ድሮን የተባሉ ኮከቦች መሆናቸውን አስታወቁ።

ማንነታቸው ስላልታወቀ በራሪ አካላት፣ በተለምዶ ዩፎ ስለሚባሉት፣ የሚጻፉትን ሳነብ ብዙዎቹ ከሁለት አቋሞች አንዱን ይዘው አገኛቸዋለሁ። አንደኛው ወገን አየሁ ያለውን ሰው ተላላ ወይም ውሸታም ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው የተማረ፣ የታመነና የተከበረ ስለሆነ የተናገረው ሁሉ እንዳለ መወሰድ አለበት ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። ምስክር ስለ ሰማይ ብርሃን ሲናገር ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አቆራኝቶ ይይዛል፤ በእርግጥ ወደ ዓይኑ የገባውን ብርሃን እና አእምሮው በዚያ ብርሃን ላይ የጨመረውን ርቀት፣ መጠን፣ ፍጥነት፣ አልፎ አልፎም ፈቃድና ዓላማ። የመጀመሪያው ክፍል ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን ምንም ያህል ጥንቁቅ ሰው ቢሆን በዓይን ብቻ ሊለካው የማይችለው ነገር ነው።

ስለ ርቀቱ እንጀምር። ሁለት ዓይኖቻችን አንድን ነገር ከጥቂት ሴንቲሜትሮች ልዩነት ስለሚያዩት ቅርቡን ከሩቁ እንለያለን፤ ነገር ግን ይህ ችሎታ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በኋላ ዋጋ አይኖረውም። ከዚያ ወዲያ የምንመካው በምናውቃቸው ነገሮች ላይ ነው፤ ዛፉ ከቤቱ ፊት ከሆነ ዛፉ ይቀርባል፤ ሰውየው ትንሽ ሆኖ ከታየን ሩቅ ነው። በጨለማ ሰማይ ላይ ያለ ነጥብ ብርሃን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አይሰጥም። ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለ የእጅ ባትሪ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የአውሮፕላን መብራትና በሚሊዮን በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች ፕላኔት ለዓይን አንድ ዓይነት ነጥብ ሊሆኑ ይችላሉ። አእምሮ ግን ርቀት የሌለው ነገር ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ባለቤቱን ሳያማክር አንድ ርቀት ይመድባል። አንድ ጊዜ ርቀቱ ከተመደበ መጠኑም ፍጥነቱም ከእሱ ይከተላሉ፤ ርቀቱ ስሕተት ከሆነ ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ። «የአንድ አውቶቡስ ያህል ነበር፤ በሰዓት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበር ነበር» የሚል ምስክርነት ሁለት ልኬቶች የያዘ ይመስላል፤ በውስጡ ግን አንድም ልኬት የለም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ሰውን ያሳሳተችው ፕላኔቷ ቬነስ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥላ በሰማይ ላይ ከሚታዩት ቋሚ ብርሃናት ሁሉ ደማቋ እሷ ናት፤ ይህም ወፍራም ደመናዋ ከፀሐይ የሚደርሳትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ነው። ከሁሉም ደማቅ በሆነው ኮከብ ከሲሪየስ ጋር ስትወዳደር እንኳ በድምቀቷ ጫፍ ላይ ከሃያ እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች፤ ቦታዋን በትክክል ለሚያውቅ ሰው በቀትርም ትታያለች። ደማቅነቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በቶሎ ይለምዳት ነበር፤ ችግሩ አመጣጧና አካሄዷ ነው። ቬነስ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ስለምትቀርብ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ርቃ አትታይም፤ ስለዚህ ወይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ፣ ወይ ከመንጋቱ በፊት በምሥራቅ ትገኛለች። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትለዋወጥበት ሙሉ ዑደት 584 ቀናት ያህል ይፈጃል። ለወራት በምሽት ሰማይ ያልነበረች ብርሃን ቀስ በቀስ ከፍ ብላ ትወጣና አንድ ምሽት ከሥራ ወጥቶ ቀና ላለ ሰው ድንገት የመጣች ትመስላለች። ሰውየው «ይህ ብርሃን እስከ ትናንት አልነበረም» ሲል የሚዋሽ አይደለም፤ እስከ ትናንት ድረስ አላስተዋለውም።

ከዚህ በተጨማሪ ፕላኔት እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም አይልም። ኮከብ በርቀቱ ምክንያት ፍጹም ነጥብ ስለሆነ የከባቢ አየር መናወጥ በቀላሉ ያወዛውዘዋል፤ ፕላኔት ግን ለዓይን ባይታወቅም ትንሽ ክበብ ስለሆነች የክበቡ ክፍሎች መዋዠቅ እርስ በርሱ ይጣፋና ብርሃኗ የረጋ ይሆናል። ደማቅ፣ ነጭ፣ የረጋና ዝቅ ብሎ የሚታይ ብርሃን ደግሞ የለመድነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ወደ እኛ ፊት ለፊት በሚመጣ አውሮፕላን የማረፊያ መብራት ላይ። በእርግጥም በቀጥታ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ አውሮፕላን ለደቂቃዎች ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሊታይ ይችላል። አውሮፕላኑ ግን በመጨረሻ ይደርሳል፤ ቬነስ አትደርስም። ሰው መገረም የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው፤ «ለግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ቀልቶ ቁልቁል ወረደና ከኮረብታው በስተጀርባ ጠፋ» ይላል። ይህ አገላለጽ በቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ በአድማስ አቅራቢያ ባለ ወፍራም አየር ውስጥ ቀልታ የምትጠልቅ ፕላኔት የምታደርገው ይህንኑ ነው። «ከኮረብታው በስተጀርባ አረፈ» ካለ ግን የተጨመረው ክፍል ጀምሯል።

ይህ ስሕተት የሰማይ ሥራ በማያውቁ ሰዎች ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን፣ በጃንዋሪ 2011 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ ይበር በነበረው የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ውስጥ ረዳት አብራሪው ከተፈቀደለት የበረራ ላይ ዕረፍት ነቅቶ ገና እንቅልፉ ሳይለቀው፣ ከፊት ለፊት አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል የጭነት አውሮፕላን እየመጣ መሆኑን ከዋናው አብራሪ ሰማ። ቀና ብሎ ሲያይ መጀመሪያ ያየው ቬነስን ነበር፤ አውሮፕላኑ እሱ ነው ብሎ አሰበ። ዋናው አብራሪ አውሮፕላኑ በትክክል የት እንዳለ፣ ከእነሱም 300 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚበር ቢያመለክተውም፣ ረዳቱ እውነተኛውን አውሮፕላን ባየ ጊዜ ከላይ ወደ እነሱ እየወረደ መስሎት መሪውን ወደፊት ገፋ። አውሮፕላኑ 120 ሜትር ያህል ወረደ፤ ዋናው አብራሪ መልሶ ባነሣው ጊዜ ደግሞ ከቀድሞው ከፍታ በላይ በዚያው መጠን ወጣ። ቀበቷቸውን ያላሰሩ 14 መንገደኞችና ሁለት የበረራ አስተናጋጆች ተጎዱ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ዘገባ ድካምንና ከእንቅልፍ በኋላ የሚኖረውን ድንግዝግዝ ከምክንያቶቹ ቆጠረ። በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ሰማይ ላይ ያሳለፈ ባለሙያ እንኳ ርቀትንና አቅጣጫን ለነጥብ ብርሃን ሲመድብ ከተራው ሰው የተለየ ዓይን የለውም፤ እንዲያውም አብራሪ የሠለጠነው እያንዳንዱን ብርሃን ሊጋጨው የሚችል አውሮፕላን አድርጎ እንዲጠረጥር ስለሆነ፣ ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት በተለይ የቀረበ ነው።

ወደ እንቅስቃሴው እንለፍ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። በ1799 ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በቴኔሪፍ ደሴት ተራራ ላይ ሆኖ አንዳንድ ኮከቦች ወዲያና ወዲህ ሲዋልሉ ተመለከተ፤ ነገሩ የአየሩ ሥራ እንደሆነ አድርጎ መዘገበው። ለአሥርት ዓመታት እንደ እውነተኛ ክስተት ሲታይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለት ሰዎች አንዱን ኮከብ በአንድ ጊዜ ሲመለከቱ የተለያየ አቅጣጫ ያለው እንቅስቃሴ እንደሚያዩ ሲታወቅ እንቅስቃሴው ከኮከቡ ሳይሆን ከተመልካቹ መሆኑ ተረጋገጠ። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ብርሃን ላይ ዓይናችንን ስንተክል፣ ዓይን ፍጹም ሊረጋ ስለማይችልና በዙሪያው ማነጻጸሪያ ስለሌለ፣ አእምሮ የራሱን መዋለል ለብርሃኑ ይሰጠዋል። ብርሃኑ ዚግዛግ ይሠራል፤ ይዘላል፤ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ተመልካቹ ብርሃኑ ይንቀሳቀሳል ብሎ አስቀድሞ ከጠበቀ ደግሞ የበለጠ ይንቀሳቀስለታል።

ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1935 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ክስተት ለሌላ ዓላማ ተጠቀመበት። በጨለማ ክፍል ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ብርሃን አሳይቶ ሰዎች ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ እንዲገምቱ ጠየቀ። ለየብቻቸው ሲጠየቁ የተለያየ ግምት ይሰጡ የነበሩ ሰዎች፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ግምታቸውን ጮክ ብለው ሲናገሩ ቁጥሮቻቸው እየተቀራረቡ ሄደው ወደ አንድ የጋራ ግምት ደረሱ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ብርሃኑም ከቦታው አልተነሣም። «አምስት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ወደ ግራ ሲሄድ አየነው» የሚለውን ምስክርነት በሰማሁ ቁጥር ይህ ሙከራ ትዝ ይለኛል። አብረው ቆመው እየተነጋገሩ ያዩ አምስት ሰዎች ብርሃን ለመኖሩ ጥሩ ምስክሮች ናቸው፤ ለእንቅስቃሴው ግን አምስት የተለያዩ ምስክሮች ተብለው ሊቆጠሩ አይችሉም።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ሲሪየስ ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ነጭ ኮከብ ነው፤ ወደ አድማስ ሲቃረብ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያፈራረቀ ይፈነጥቃል። ብርሃኑ በአድማስ አካባቢ የሚያቋርጠው የአየር ንብርብር ኮከቡ አናት ላይ በሚሆንበት ጊዜ ከሚያቋርጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አየሩም ቀለማቱን በተለያየ መጠን ስለሚሰብራቸው እያንዳንዱ ቀለም በትንሹ የተለየ መንገድ ይዞ ይመጣል፤ የአየሩ መናወጥ አንዱን ሲያጎላ ሌላውን ይደብቀዋል። ካፔላ የተባለው ደማቅ ኮከብ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ይህንኑ ያደርጋል። በአውሮፕላን ክንፎች ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት መኖሩን ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ ቦታ ቆሞ ቀይና አረንጓዴ የሚፈነጥቅ ነገር መብራቱን አብርቶ የተንጠለጠለ መንኮራኩር መምሰሉ አያስገርምም።

«ተከተለኝ» የሚለውም አለ። ከመኪና ውስጥ ሲታዩ በመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ሩቅ ያለው ተራራ ቀስ ይላል፤ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ጨረቃ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ ስለዚህ አብራን የምትሄድ ትመስላለች። መኪናው ሲቆም ትቆማለች፤ ሲታጠፍ ወደ ሌላው ወገን ትዞራለች። ጨረቃን ሁሉም ስለሚያውቃት ሕፃናት ብቻ ይደነቁባታል፤ በቬነስ ወይም በጁፒተር ሲሆን ግን አዋቂዎችም ይሸሻሉ፤ ወይም ያሳድዳሉ።

አእምሮ ርቀትና እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ቅርጽም እንደሚጨምር የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ በማርች 3 ቀን 1968 ምሽት የታየው ነው። የሶቪየት ኅብረት ዞንድ 4 ከተባለው ተልእኮ ጋር የተያያዘ ስብርባሪ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲቃጠል በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች ያሉ ሰዎች ተመለከቱት። የሆነው ነገር በሰልፍ የሚጓዙ የተለያዩ የሚነዱ ቁርጥራጮች ማለፋቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ያንኑ ዘገቡ። ጥቂቶቹ ግን ረዘም ያለ፣ እንደ ሲጋር ቅርጽ ያለው፣ ከውስጥ ብርሃን የሚወጣባቸው መስኮቶች በጎኑ የተደረደሩለት መንኮራኩር እንዳዩ ጻፉ፤ በጣም ዝቅ ብሎ እንዳለፈ የገመቱም ነበሩ። የዩፎ ዘገባዎችን ይመረምር ለነበረው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሠራው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊሊያም ሃርትማን እነዚህን ምስክርነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አነጻጸራቸው። በነጥቦቹ መካከል ያለው ጨለማ በአንዳንዶቹ አእምሮ ውስጥ ጠንካራ አካል ሆኖ ነበር፤ ነጥቦቹም መስኮት ሆኑ። ሥዕል የሳሉትም ጭምር በቅን ልቡና ነው የሳሉት። ትልልቅ ተወርዋሪ ኮከቦችም ተመሳሳይ ጉዳይ አላቸው፤ በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ከፍታ ላይ፣ ከተመልካቹ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የጠፋውን ነበልባል ሰው «ከዚያ ማሳ በስተኋላ ወደቀ» ይላል።

ብዙ ሰው ዓይን ቢሳሳት ካሜራ አይሳሳትም ብሎ ያምናል፤ በሌሊት ሰማይ ላይ ግን ካሜራ ከዓይን ይብሳል። የስልክ ካሜራ በጨለማ ውስጥ የሚያተኩርበት ነገር ሲያጣ ትኩረቱን ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሳል፤ ነጥቧ ኮከብ ያኔ እየሰፋች ወደ ክበብ፣ እየጠበበች ወደ ነጥብ ትለዋወጣለች፤ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው «ቅርጹን ይቀይራል፤ ይተነፍሳል» ይላል። ትኩረቱን ያጣ ምስል የሚይዘው ቅርጽ የኮከቡን ሳይሆን ብርሃኑ የገባበትን ቀዳዳ ነው። በጁላይ 2019 ከአንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ተቀርጾ በኋላ በሰፊው የተሠራጨው ሦስት ማዕዘን ያለው «በራሪ ፒራሚድ» ምስል የዚህ ምሳሌ ነው። በሜይ 2022 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት የቀረቡ የባሕር ኃይል ደኅንነት ባለሥልጣን፣ ሦስት ማዕዘኑ ብርሃኑ በሌሊት ማያ መሣሪያ አልፎ በካሜራ ሲቀረጽ የተፈጠረ መሆኑንና የታዩትም ነገሮች ድሮኖች ተብለው መገመታቸውን አስረዱ። ቪዲዮውን የመረመሩ ሰዎች ደግሞ በዚያው ምስል ላይ ያሉ ኮከቦችም ሦስት ማዕዘን ሆነው እንደሚታዩ አስቀድመው አመልክተው ነበር።

ስለ ሳተላይቶች ብዙ አልልም፤ በሰው የተሠሩ ስለሆኑ ከርእሴ ትንሽ ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃዎች ያቋርጣል፤ ወደ ምድር ጥላ ሲገባ ደግሞ በጠራ ሰማይ መካከል ይጠፋል። በሜይ 2019 ስታርሊንክ የተባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች የመጀመሪያዎቹ 60 በአንድ ሮኬት ከወጡ ወዲህም በአንድ መስመር የተሰለፉ የብርሃን ነጥቦች በየጊዜው መታየታቸው የተለመደ ሆኗል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስሕተት የሚደጋገመው ለምንድን ነው? የእኔ ግምት ሰማይ ለብዙው ሰው እንግዳ መሆኑ ነው። በ2016 በታተመ የሰማይ ብርሃን ብክለት አትላስ መሠረት ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚኖረው በሰው ሠራሽ ብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር ነው፤ ሲሶ ያህሉም ሚልኪ ዌይ የተባለውን የኮከቦች ጭፍራ ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ማየት አይችልም። በጃንዋሪ 1994 ሎስ አንጀለስን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ገና ሳይነጋ የከተማዋን መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ወደ ግሪፊዝ የሥነ ፈለክ ጣቢያ እየደወሉ ሰማዩ ለምን እንግዳ እንደሆነ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያዩት ነገር ኮከቦችን ነበር። ከተማ ውስጥ ከሁሉም ደማቅ የሆኑት ጥቂት ኮከቦችና ፕላኔቶች ብቻ ስለሚተርፉ፣ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ባዶ ሰማይ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ በኮከቦች ሠራዊት መካከል ሆኖ ቢታይ ኮከብነቱን ማንም ባልጠረጠረ ነበር።

ይሁን እንጂ «ቬነስ ናት» የሚለው መልስም ሳይፈተሽ መወሰድ የለበትም፤ የዚህ ስሕተት ታሪክ የሌላውን ያህል አሳዛኝ ነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 1948 የኬንታኪ አየር ብሔራዊ ዘብ አብራሪ የነበረው ካፒቴን ቶማስ ማንቴል በሰማይ ላይ የታየን አንድ የሚያንጸባርቅ ነገር ተከትሎ ያለ ኦክስጅን ወደ ላይ ወጣ፤ ራሱን ስቶ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። መጀመሪያ የተሰጠው ማብራሪያ ያሳደደው ቬነስን ነው የሚል ነበር። በዚያ ሰዓት ቬነስ በእርግጥም በዚያ አቅጣጫ ነበረች፤ ነገር ግን በቀን ብርሃን፣ ያውም ጭጋግ ባለበት ሰማይ፣ ብዙ ሰዎች ከምድር ሆነው ትልቅ ነገር ብለው የገለጹትን ልትሆን የማትችል ደካማ ነጥብ ነበረች። በኋላ ይበልጥ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ነገሩ ስካይሁክ የተባለው፣ በዚያ ጊዜ በምሥጢር የተያዘ የባሕር ኃይል የምርምር ፊኛ ነበር የሚለው ነው፤ እነዚህ ፊኛዎች 30 ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው። የሰማይ አካልን ስም መጥራት ብቻውን ማብራሪያ አይሆንም፤ አቅጣጫው፣ ከፍታውና ድምቀቱ ከምስክሩ ቃል ጋር መግጠም አለባቸው።

የአሜሪካ አየር ኃይል ፕሮጀክት ብሉ ቡክ በተባለው የዩፎ ዘገባዎች ምርመራው እስከ 1969 ድረስ 12,618 ዘገባዎችን መዝግቦ 701ዱን ሳይለያቸው ቀርቷል። የፕሮጀክቱ የሥነ ፈለክ አማካሪ የነበረው አለን ሃይኔክ አንዳንድ ፋይሎች በችኮላ ይዘጉ እንደነበር በኋላ ላይ በምሬት ተናግሯል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል ራሱ ሃይኔክ ባቋቋመው ማእከል ውስጥ ይሠራ የነበረው አለን ሄንድሪ 1,307 ዘገባዎችን አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 ውጤቱን ሲያሳትም፣ ሳይለዩ የቀሩት ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከተለዩት ውስጥም ኮከቦችና ፕላኔቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህን የሠራው ነገሩን በቁም ነገር የያዘ ሰው መሆኑ ለእኔ ክብደት አለው።

ለማንኛውም አጠራጣሪ ብርሃን ያየ ሰው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። መጀመሪያ ራሱን በግድግዳ ወይም በግንድ ላይ አስደግፎ ብርሃኑን ከማይነቃነቅ ነገር ጠርዝ ጋር፣ ለምሳሌ ከጣሪያ ጥግ ወይም ከምሰሶ ጋር፣ አስጠግቶ ይመልከተው፤ ዚግዛጉ የዓይን ከሆነ ወዲያውኑ ይጠፋል። ቀጥሎ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ከአድማስ ያለውን ከፍታ ይጻፍ። እጅን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን መሣሪያ አያስፈልግም። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለሚዞር፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ብርሃኑ ከሌሎቹ ኮከቦች ጋር የአንድ ቡጢ ያህል ወደ ምዕራብ አጋድሎ ከተገኘ የሰማይ አካል መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። በማግስቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ኮከብ ነው፤ ፕላኔትም ቢሆን በአንድ ቀን ውስጥ ከዚያ ብዙ አትርቅም። የስልክ የሰማይ ካርታ መተግበሪያዎች የማንኛውንም ቀንና ቦታ ሰማይ ስለሚያሳዩ ቀሪውን ይጨርሱታል፤ ነገር ግን ቀኑና ሰዓቱ ከሌለ የሚሠሩት ነገር የለም።

የቀኑ ነገር ምን ያህል እንደሚወስን የጂሚ ካርተር ጉዳይ ያሳያል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ካርተር በ1973 የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ሳሉ በሞሉት የዘገባ ቅጽ ላይ፣ ሊሪ በተባለች ከተማ ላየንስ ክለብ ከተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ስብሰባ በፊት ከሌሎች ሰዎች ጋር ቆመው በምዕራብ ሰማይ ላይ ደማቅ ብርሃን ማየታቸውን፣ ብርሃኑ ቀርቦና ርቆ፣ ቀለሙንም ቀይሮ መሄዱን፣ ርቀቱም ምናልባት ከ300 እስከ 1,000 ያርድ እንደነበር ገለጹ፤ ጊዜውንም ኦክቶበር 1969 ብለው አስታወሱ። ሮበርት ሺፈር የተባለ መርማሪ የክለቡን መዝገብ ፈልጎ ስብሰባው የተካሄደው በጃንዋሪ 6 ቀን 1969 መሆኑን አገኘ። በዚያ ምሽት ቬነስ ካርተር በገለጹት አቅጣጫና ለገመቱት በተቀራረበ ከፍታ ላይ በደማቁ ትታይ ነበር፤ ሺፈርም ያዩት እሷን ነው አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በዚያው ምሽት ከፍሎሪዳ ኤግሊን የጦር ሰፈር የተተኮሰ የምርምር ሮኬት በከፍታ ላይ የባሪየም ደመና እንደለቀቀ ተገኝቶ፣ ቀለሙ መለዋወጡንና ብርሃኑ መስፋቱን ይህ ይበልጥ ያስረዳል የሚሉ መጡ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም ካርተር የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው የሠሩና ኮከቦችን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የገለጹትም ቅርጽ ነጥብ አልነበረም። ሁለቱም መላምቶች ግን ሊነሡ የቻሉት ትክክለኛው ቀን ከመዝገብ ስለተገኘ ብቻ ነው። በኦክቶበር 1969 ቬነስ በንጋት ሰማይ ላይ ስለነበረች፣ ምሽት ላይ በምዕራብ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም ነበር።